«ወረቀትሽ በእጄ ነው» ይላታል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ታናሽ እህቴ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው አግብታ ከሄደች ገና ዓመቷ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስትደውልልኝ ድምጿ እንዳይሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍታ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ፤ አራት ጣት ከነቅርጹ ክንዷ ላይ ጠቁሯል። ፎቶውን በቴሌግራም ልካልኝ ከስልኳ አጠፋችው። ፖሊስ ጥሪ ስላት «ግሪን ካርዴ የሁለት ዓመት ነው፣ ካልፈረምኩልሽ ዲፖርት ትደረጊያለሽ ይለኛል» አለችኝ። እናቴ ቻይው ትላለች። አጎቴ ለወላጆቹ ሽማግሌ እንላክ ባይ ነው። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ፎቶ አሁኑኑ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ እሷ ቻቱን ስታጠፋ ካንቺም ሊጠፋ ይችላል። የላከችልሽን የድምፅ መልእክት ሁሉ ከነቀኑ ያዢ። ነገ ማስረጃዋ ይሄው ነው።

ሰውዬው ከፊሉን እውነት፣ ከፊሉን ውሸት ነው የነገራት። የሁለት ዓመቱን ካርድ ወደ ቋሚ ለመቀየር ባልና ሚስት አብረው ፎርም አይ-751 ያስገባሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ግን የተደበደበች ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ብቻዋን ማስገባት ትችላለች፣ ሁለት ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅም ሆነ መፋታት ግዴታ አይደለም፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ጉዳይዋን ለእሱ እንዳይነግር በሕግ ተከልክሏል። ይሄን እሱ አይነግራትም።

ግሪን ካርድ ጭራሽ የሌላት፣ ባሏ ግን ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሴት ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ፎርም አይ-360 ራሷ ታስገባለች። አጥቂው ባዳም ይሁን ወረቀት የሌለው፣ ከባድ ወንጀል የተፈጸመበትና ከፖሊስ ጋር የተባበረ ሰው ዩ ቪዛ መጠየቅ ይችላል። ዩ ቪዛ በዓመት ለ10,000 ተጎጂዎች ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

ለእህትሽ ግን የመጀመሪያው መንገድ አለላት። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታናግር፤ ለተደበደቡ ሴቶች በነጻ የሚሠሩ አሉ። ፎርም እንሞላለን የሚሉ ሰዎች ጋ እንዳትሄድ፣ ብዙዎቹ ጠበቃ አይደሉም። ጠበቃ የት እንደምታገኝም፣ ማደሪያም የሚጠቁማት የአሜሪካው የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ ስልክ 1-800-799-7233 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ትጠይቃቸው። ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ ከሥራ ቦታ ወይም ከጓደኛ ስልክ ትደውል። እጁን ካነሳ የአሜሪካው የድንገተኛ ጥሪ ስልክ 911 ነው። እሱ ቤቷ እንዳይደርስ የሚከለክል ትዕዛዝም ከፍርድ ቤት ማውጣት ትችላለች።

ሽማግሌውን እባክሽ አስቀሪው። ወላጆቹ ጋ የደረሰ ወሬ በዚያው ቀን እሱ ጆሮ ይገባል፣ የዚያን ሌሊት አብራው የምታድረው ደግሞ እሷ ናት። እናትሽም ቻይው የሚሉት ልጄ ሰው አገር ሜዳ ላይ ትወድቅብኛለች ብለው ፈርተው ይመስለኛል። ፎቶውን አሳዪያቸው፣ ወረቀቷ በእሱ ፊርማ ብቻ የተንጠለጠለ እንዳልሆነም ንገሪያቸው።

ደግሞ የአሜሪካው 911 ከሐዋሳ ሲደወል አይገናኝም። ስለዚህ አሁን ደህና ሳለች ሙሉ አድራሻዋንና የምትኖርበትን ከተማ የፖሊስ ጣቢያ መደበኛ ቁጥር ተቀብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። አንድ ምልክትም ተነጋገሩ፤ ለምሳሌ «አሞራ ገደል ዓሣ ስንት ገባ?» ብላ ከጻፈችልሽ ምንም ሳትመልሺላት ለዚያ ጣቢያ ደውዪ።