ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጠዋት በልቼ 4 ሰዓት ሳይሞላ ለምን ይርበኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 38፣ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ዳቦ በሻይ በልቼ ከቤት እወጣለሁ፤ ነገር ግን 4 ሰዓት ሳይሞላ ሆዴን ይሞረሙረኛል፣ አንዳንድ ቀን እጄ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ቦምቦሊኖ ወይም ብስኩት አስመጥቼ እበላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ኪሎ ጨምሬአለሁ። የሥራ ባልደረባዬ “ፕሮቲን ብትበዪ ትጠግቢያለሽ” ብላ የፕሮቲን ዱቄት እንድገዛ መከረችኝ። እውነት ፕሮቲን ያጠግባል? ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም ስለምጾም በጾም ቀን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባዎ የነገረችዎት በመሠረቱ ትክክል ነው። ፕሮቲን ያለው ምግብ፣ እኩል ካሎሪ ካለው ዳቦ፣ ስኳር ወይም ዘይት ጋር ሲነጻጸር ረኀብን ረዘም ላለ ሰዓት ያስታግሳል። ዱቄቱን ይግዙ የሚለውን ምክር ግን አልጋራም፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ። የእጅዎ መንቀጥቀጥም በአመጋገብ ብቻ ታልፎ የሚተው ነገር ስላልሆነ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው ጥጋብ ማለት የጨጓራ መሙላት ብቻ ይመስለዋል። መሙላቱ አንዱ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ንግግር ግን በአንጀትና በአንጎል መካከል የሚካሄደው ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት ይህ ሆርሞን አንጎል ዘንድ ደርሶ የመብላት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፣ ስንበላም መጠኑ ይወርዳል። የበላነው ፕሮቲን ተፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ ደግሞ በአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ጂኤልፒ-1፣ ፒዋይዋይ እና ኮሌሲስቶካይኒን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። እነዚህ ሆርሞኖች ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ቶሎ ወደ አንጀት እንዳያወርድ ያዘገዩታል፤ በደምም በነርቭም አድርገው “በቅቶኛል” የሚለውን መልእክት ለአንጎል ያደርሳሉ። ዛሬ ለስኳር ሕመምና ለውፍረት የሚሰጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች አሠራራቸው ከእነዚህ አንዱን፣ ጂኤልፒ-1ን፣ በመምሰል ነው። በዚህ ላይ ከፕሮቲን ከሚገኘው ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለመፍጨቱና ለማዋሐዱ ሥራ ይውላል፤ ለካርቦሃይድሬት ይህ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ለስብ ቢበዛ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከነጭ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ስኳር ከበዛበት ሻይ ጋር ሲሆን ግን በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ የደም ስኳር ከፍ ይላል፣ ኢንሱሊን ተከትሎት ይወጣል፣ ስኳሩም መልሶ ይወርዳል፤ ቁርሱ አንጀት ላይ ጠብ ሳይል ረኀቡ ይመለሳል።

ይህን ለመለካት ከተደረጉት ጥናቶች መካከል በ1995 ከአውስትራሊያ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ለእርስዎ ጥያቄ በጣም ይቀርባል። ተመራማሪዎቹ 38 የምግብ ዓይነቶችን እያንዳንዳቸው 240 ካሎሪ እንዲይዙ አድርገው መጥነው ለሰዎች አበሉ፤ ከዚያም ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው የረኀባቸውንና የጥጋባቸውን መጠን ጠየቋቸው። ነጭ ዳቦ መለኪያ ሆኖ 100 ተሰጠው። ዓሣ 225፣ የበሬ ሥጋ 176፣ እንቁላል 150፣ ምስር 133 አገኙ። ኬክ 65፣ እርስዎ 4 ሰዓት ላይ ለሚያስመጡት ቦምቦሊኖ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዶናት ደግሞ 68 ብቻ ነበር። ይህም ማለት ረኀብዎን ለማስታገስ የሚመርጡት ነገር ካስራበዎት ዳቦ ይልቅ እንኳን ያነሰ የሚያጠግብ ነው።

ከሁሉም በላይ ሆኖ 323 ያገኘው ግን ፕሮቲን እምብዛም የሌለው የተቀቀለ ድንች መሆኑን ሳልነግርዎት ብቀር እውነቱን ግማሽ ብቻ ነገርኩዎት ማለት ነው። ድንች ብዙ ውኃ ስላለው ለ240 ካሎሪ ብዙ መብላት ያስፈልጋል፤ ሰሐኑም ጨጓራውም ይሞላል። ስለዚህ ፕሮቲን ከሚያጠግቡ ነገሮች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የምግቡ ክብደት፣ በውስጡ ያለው ውኃና አሰር (ፋይበር)፣ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ መሆኑም ድርሻ አላቸው። የእኛ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር ፕሮቲንንም አሰርንም በአንድ ላይ ስለያዙ በዚህ ረገድ የታደልን ሕዝብ ነን እላለሁ።

ክብደትን በሚመለከት ማስረጃው ሁለት መልክ አለው። በ2005 አሜሪካ ሲያትል ውስጥ 19 ሰዎች የካርቦሃይድሬት ድርሻቸው ሳይነካ የፕሮቲን ድርሻቸው ከ15 ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደርጎ፣ ስቡም በዚያው መጠን ተቀንሶ፣ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። ማንም ቀንሱ ሳይላቸው በቀን በአማካይ 441 ካሎሪ ያህል ያነሰ በሉ፤ በ12 ሳምንትም በአማካይ 4.9 ኪሎ ቀነሱ። በ2009 የታተመውና 811 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለው ሰፊ ጥናት ግን፣ ከካሎሪያቸው 15 በመቶ ፕሮቲን እንዲሆን የታዘዙትም 25 በመቶ የታዘዙትም የቀነሱት ክብደት ተቀራራቢ እንደነበር፣ የረኀብና የጥጋብ ስሜታቸውም እንዳልተለያየ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ምግቡን አዘጋጅተው የሰጡት ተመራማሪዎቹ ነበሩ፤ በሁለተኛው ሰዎቹ ምክር ተቀብለው በየቤታቸው ሲያበስሉ የታዘዘላቸውን የፕሮቲን መጠን ብዙዎቹ አልጠበቁም። ዛሬ ጠዋት ፕሮቲን በመብላትዎ እስከ ምሳ ሊታገሱ ይችላሉ፤ ፕሮቲን በራሱ 6 ኪሎ ያወርድልዎታል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

በሥራዬ ታካሚዎችን ምን እንደሚበሉ ስጠይቅ “ሽሮ” የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ ሽሮው ስንት ማንኪያ እንደሆነና ለስንት ሰው እንደተሠራ እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞልታ በአንድ ድስት ውኃ እንደምትበጠብጥና ለአራት ሰው እንደምታቀርብ ነገረችኝ። አብረን አሰላን። ሁለት ሙሉ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት 40 ግራም ቢሆን፣ በ100 ግራም ሽሮ ውስጥ ደግሞ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢኖር፣ በድስቱ ውስጥ ያለው በሙሉ 8 ግራም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው 2 ግራም ነው። የቀረው ውኃ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ነው። ሦስት እንጀራ በልታ ማታ ለምን እንደሚርባት የገባት ያኔ ነበር። ኑሮ መወደዱን አውቃለሁ፤ ሽሮ የሚቀጥነው በስንፍና አይደለም። ቢሆንም በአንድ ቤት ውስጥ ለተጨማሪ እንጀራ ከሚወጣው ጥቂቱ ወደ ሽሮው ወይም ወደ ምስሩ ቢዞር፣ ወጡ ወፍሮ እንጀራው ሲቀንስ፣ ሰው በዚያው ወጪ ተሽሎ ሊጠግብ ይችላል።

ወደ እርስዎ ቁርስ ስንመለስ፣ ጤናማ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 0.8 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለ68 ኪሎ 54 ግራም ገደማ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። አንዱ ዳቦዎ 6 ግራም ገደማ ይኖረዋል፤ ሻዩ ምንም። ሁለት እንቁላል ቢጨምሩበት 12 ግራም ያገኛሉ፤ ቁርስዎ በድምሩ ወደ 18 ይደርሳል። እንቁላሉን ማታ ቀቅለው ቢያስቀምጡት ለጠዋቱ ጥድፊያ ይመቻል። ፉልም እንደዚሁ ነው፤ 150 ግራም የበሰለ ባቄላ 11 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፣ አሰሩም በላዩ አለ። እርጎ በ100 ግራም 3.5 ግራም ስለሆነ በአንድ ትልቅ ኩባያ ቢጠጡት ይደግፋል እንጂ ለብቻው ቁርስ አይሆንም። የሻዩን ስኳር ቀስ በቀስ ይቀንሱ። መሥሪያ ቤት መሳቢያዎ ውስጥ በብስኩቱ ፈንታ የሽምብራ ቆሎ ይኑርዎት፤ አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም ያህል፣ 6 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ሲታኘክም ጊዜ ይወስዳል።

በጾም ቀን ያለው ችግር የፕሮቲን ምንጭ ማጣት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከረጅም ሰዓት በኋላ ሲፈታ መጀመሪያ የሚበላው ነገር ነው። ለሰዓታት ባዶ የቆየ ሆድ ላይ ሻይ፣ ፓስቲ ወይም እንጀራ በቲማቲም ሲገባ ሰው ሳያውቀው አብዝቶ ይበላል፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይርበዋል። እኔ የምመክርዎ ሲፈቱ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ እንዲያስቀድሙ፣ ከዚያም ወፍራም ምስር ወይም ክክ ወጥ፣ አዚፋ ወይም እልበት በእንጀራ እንዲበሉ ነው። አንድ ብርጭቆ የሽምብራ ንፍሮ ብቻውን 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጥራጥሬና እህል ደግሞ ይደጋገፋሉ፤ እህሎች በአብዛኛው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፣ ጥራጥሬ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ ሽሮ በእንጀራ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ረቡዕና ዓርብ የእንቁላሉን ቦታ ፉሉ ይተካ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ጓያ በፕሮቲን የበለጸገና ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን በውስጡ ያለው መርዝ የእግር ሽባነት ያመጣል፣ ሽባነቱም አይመለስም። በደምቢያና በፎገራ በችግር ዘመን ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ሽሮዎን ቢችሉ ጥራጥሬውን ራስዎ ገዝተው፣ ለቅመው ያስፈጩ፤ ካልሆነም ከሚያምኑት ሰው ይግዙ።

ዱቄቱን የማልመክርዎ በሦስት ምክንያት ነው። በብዛት የሚሸጠው ከወተት የሚወጣ ስለሆነ በጾም ቀን አይሆንዎትም። በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነገር ደግሞ ከሚታኘክ ምግብ ያነሰ ያጠግባል። ዋጋውም ብዙ እንቁላልና ብዙ ኪሎ ምስር ይገዛል። ማኘክ ለማይችል ወይም በሕመም ለከሳ ሰው ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፤ ለእርስዎ ግን የሚጨምርልዎ ነገር አይታየኝም። ይህን የሚያነቡ የኩላሊት ሕመምተኞች ፕሮቲን ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ግድ ነው፤ እጥበት ያልጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲቀንስ፣ እጥበት ላይ ያለ ደግሞ እንዲጨምር ስለሚነገረው፣ የአንዱ ምክር ለሌላው አይሆንም። ዩሪክ አሲድ የበዛበት ሰው ቀይ ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት ማብዛት የለበትም።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። ከቁርስዎ ዓይነት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመሩ ግን እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ለ8 ሰዓታት ምንም ሳይበሉ ቆይተው፣ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ውጤቱ ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ምርመራም ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። የሚቻል ከሆነ እጅዎ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓትም ይለኩ፤ ያኔ ከ70 በታች ከሆነ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ግሊቤንክላማይድ የመሰለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ግን ምርመራ አይጠብቅም፤ ወዲያው ስኳር ወይም ማር ቀምሶ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ከረኀቡ ጋር ጥማትና ሽንት ማብዛት፣ ወይም እየበሉ መክሳትና የልብ ምት መፍጠን ካለ ቀጠሮ አያስረዝሙ፤ የመጀመሪያው የስኳር፣ ሁለተኛው የታይሮይድ ዕጢ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የምግብ ፍላጎትን የሚጨምር መድኃኒት ነው። ከመሄድዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ምን እንደበሉ፣ በስንት ሰዓት እንደራበዎትና ማታ ስንት ሰዓት እንደተኙ በትንሽ ደብተር ይጻፉ፤ እንቅልፍ ማጣትም ረኀብ ስለሚያባብስ ሐኪሙ የሚጠይቅዎት ጥያቄ ነው፣ ደብተሩንም ይዘው ይግቡ።