ፖርቱን ከመቁረጥዎ በፊት ማይኩን ወደ ኮኑ ያስጠጉ

ጥያቄ፦ ባለ 12 ኢንች ስፒከር በኤምዲኤፍ ቦክስ ገጥሜ ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፖርት (አየር የሚያስተነፍስ ቱቦ) አስገባሁለት። ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ይህ ሳብዉፈር (የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከር) ጥግ ላይ፣ ሶፋው በዚያው በኩል የጎን ግድግዳውን ተጠግቶ 3 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ሶፋው ላይ በማይክ ስለካ 43 ኸርዝ ላይ ትልቅ ጉብታ፣ 71 ኸርዝ አካባቢ ደግሞ ጉድጓድ አገኘሁ። ከማይኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ 1.2 ሜትር ይርቃል። ፖርቱን ላሳጥረው?

መልስ፦ አይንኩት። የላኩት ቁጥር የሚናገረው ስለ ሳሎኑ እንጂ ስለ ቦክሱ አይደለም። የድምፅን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 343 ሜትር፣ ለ4 ሜትሩ እጥፍ ለ8 ያካፍሉት፤ 43 ይመጣል። በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው ሞገድ ራሱን የሚያጠናክረው እዚያ ላይ ነው። ማይኩን አልፎ ከኋላ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ 2.4 ሜትር ተጨማሪ ይጓዛል። ይህ የ71 ኸርዝ ሞገድ ግማሽ ስለሆነ ቀጥታ የመጣውን ይቀንሰዋል። ፖርቱን ቢያሳጥሩ የቦክሱ ቱኒንግ (ፖርቱ አብዝቶ የሚሠራበት ኸርዝ) ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉብታውና ጉድጓዱ ግን እዚያው ናቸው።

ቦክሱን ብቻውን ለማየት የድምፅ መሐንዲሱ ዲ. ቢ. ኪል በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የቅርብ ርቀት ዘዴ ይጠቀሙ። የማይኩን ጫፍ ከኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) መሃል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያርቁት። እዚያ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳ ከሚመለሰው እጅግ ስለሚበልጥ ክፍሉ ከልኬቱ ይወጣል ማለት ይቻላል። ዘዴው ላይኛው ገደብ አለው፦ 10950ን ለኮኑ ስፋት በሴንቲ ሜትር ያካፍሉ። ስፋቱ የሚለካው ከጎማው ጠርዝ መሃል እስከ መሃል ነው። የእርስዎ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን እስከ 420 ኸርዝ ያስተማምናል፤ ለሳብዉፈር ከበቂ በላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን ባስ ቡስት ያጥፉ፣ ክሮስኦቨሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ) እስከ ላይ ይክፈቱ፣ የዊንዶውስን የድምፅ ማሻሻያዎችም ይዝጉ። ነፃ የሆነው የመለኪያ ፕሮግራም ሩም ኢኪው ዊዛርድ ይበቃዎታል፤ ስዊፑን (ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚወጣውን የመለኪያ ድምፅ) ከ15 እስከ 500 ኸርዝ ያድርጉት። ድምፁን ዝቅ ያድርጉ፦ በ1 ሜትር 90 ዴሲቤል የሆነው በዚህ ርቀት 114 ገደማ ይሆናልና ማይኩ ተጨናንቆ ግራፉ ላይ የተበላሸ መስመር ያወጣል። በስልክ ማይክ አይለኩ፤ ብዙ ስልኮች ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚቆርጡ ቦክሱ ባስ የሌለው ይመስላል።

ኮኑን ከለኩ በኋላ ቮልዩሙን ሳይነኩ ማይኩን የፖርቱ አፍ መሃል፣ ከአፉ ጋር እኩል አድርገው ይለኩ። የኮኑ መስመር ሹል ሆኖ የሚወርድበት ቦታ የቦክሱ ቱኒንግ ነው፤ የፖርቱ መስመር ከፍ የሚለውም በዚያው አካባቢ መሆን አለበት። ሁለቱን እንዳሉ አይደምሩ። የፖርቱ አፍ ከኮኑ ስለሚያንስ መስመሩን መጀመሪያ ዝቅ ያድርጉት፤ 10 እና 26 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ 8.3 ዴሲቤል ይቀንሳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲደምር ነው። ከቱኒንግ በታች ኮኑና ፖርቱ ተቃራኒ እየሠሩ ይጣፋሉ፤ ስለዚህ ድምሩ ፌዝን (ሁለቱ ሞገዶች አብረው ወይም ተቃርነው መሄዳቸውን) ማካተት አለበት። ለዚህም ሁለቱ ልኬቶች አንድ የጊዜ መነሻ ያስፈልጋቸዋል፦ የሳውንድ ካርዱን አንድ መውጫ ከአንድ መግቢያው ጋር በኬብል አገናኝተው ፕሮግራሙ ላይ ሉፕባክን ይምረጡ። ያለዚያ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ልኬት ከራሱ ጫፍ ያስጀምረዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የድምሩ መስመር ከቱኒንግ በታች በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ ባነሰ ቁጥር) ወደ 24 ዴሲቤል መውደቅ አለበት። ዝግ ብሎ ከወረደ ድምሩ ተሳስቷል።

ይህ መስመር ጤነኛ ከሆነ ቦክሱን ይተዉትና ቦታ ይቀይሩ። ሳብዉፈሩን ከጥጉ አውጥተው ወደ 4 ሜትሩ ግድግዳ መሃል ቢያመጡት 43 ኸርዙን መቀስቀስ ያቆማል ለማለት ይቻላል። ሶፋውን 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ግድግዳ ቢያስጠጉት ደግሞ ጉድጓዱ ወደ 122 ኸርዝ ይወጣል፤ ክሮስኦቨርዎ 80 ላይ ከሆነ ያ የሳብዉፈሩ ሥራ አይደለም። ጉድጓዱን በኢኪው (በድምፅ ማመጣጠኛ) ለመሙላት አይሞክሩ፦ 6 ዴሲቤል መጨመር አራት እጥፍ ዋት ይጠይቃል፣ ከግድግዳ ተመልሶ የሚያጠፋውም ድምፅ እኩል ይጨምራል።