ከጋራዥ የወጣው ቴፕና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ጆን አንደርሰን «1000 ሃንድስ» አልበም ከጻፍኩ በኋላ ደብዳቤዎች መጥተዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውን አላውቀውም፤ ማን ነው?

እንግሊዛዊ ድምፃዊ ነው። በ1968 ለንደን ውስጥ ከቤዝ ተጫዋቹ ክሪስ ስኳየር ጋር «ዬስ» የሚባለውን የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ መሠረተ።

ስኳየር ያረፈው በ2015 ነው፤ አልበሙ የወጣው በ2019። ታዲያ ቤዙን ማን ተጫወተው? ኮምፒውተር ነው?

ኧረ በፍጹም! ራሱ ስኳየር ነው። አንደርሰን ሥራውን የጀመረው በ1990 አካባቢ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ቤር በምትባል ተራራማ ከተማ ነው። ስኳየርና የዬሱ ድራመር አለን ዋይት ያኔ ተቀድተዋል። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፤ ቴፖቹም የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ፕሮዲዩሰሩ ማይክል ፍራንክሊን ከአንደርሰን ጋር ሥራውን አነሳና ሌሎች ተጨመሩበት። ቺክ ኮሪያ በኪቦርድ፣ ቢሊ ኮብሃም በድራም፣ ዣን ሉክ ፖንቲ በቫዮሊን፣ የጄትሮ ታል ባንዱ ኢያን አንደርሰን በፍሉት።

ይህን ያስቻለው ትራክ ነው። ባለ 24 ትራክ ቴፕ ሁለት ኢንች ስፋት አለው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መስመር ይቀመጣል። ቤዙን ሳይነኩ ሌላውን መቀየር ይቻላል። የቀረው የተቀላቀለው ቅጂ ብቻ ቢሆን ኖሮ የስኳየርን ጣቶች ለይቶ ማውጣት ትልቅ ጣጣ ነበር።

ስለዚህ ባንድ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ያለቀውን ሚክስ ብቻ ይዛችሁ ከስቱዲዮ አትውጡ። ትራኮቹን ለየብቻ ተቀበሉ። ማን ምን እንደተጫወተ ጻፉ። ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ዛሬ አብሯችሁ የሚጫወተው ጓደኛ ሁልጊዜ አይኖርም።

አንድ ክፍል ውስጥ ሳይገናኙ የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ አለው?

ይህ ጥያቄ ሰልችቶኛል። ከአልበሙ ዘፈኖች «አክቲቬት» ላይ ያለውን ፍሉት ስሙና ራሳችሁ ፍረዱ። እንግዳ የበዛበት ዘፈን እንዳለ ግን አልክድም።

በኢርፎን ካዳመጥኩ በኋላ ጆሮዬ ይጮሃል።

ድምፁን ቀንስ፤ ካልተወህ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ።

አባቴ ድሮ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የሪል ቴፖቻቸው ሲከፈቱ ይንጫጫሉ፤ ማጫወቻው ላይም ቡናማ ነገር ይለጠፋል። ኦቨን ውስጥ ቢሞቁ ይድናሉ ሲሉ ሰማሁ። የእንጀራ እናቴ ኦቨን አላት፤ ልሞክር?

አትሞክር! ማጫወቱንም አሁኑኑ አቁም። ያ ቡናማ ነገር ሙዚቃው ራሱ ነው፤ እየተላጠ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት ይስባል። ባለሙያዎች 54 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በቁጥጥር ያሞቋቸዋል። ቴፑ ለጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ዲጂታል ይገለበጣል። የወጥ ቤት ኦቨን ግን ሙቀቱ ይዋዥቃል። ቀደም ባሉት ዓመታት የነበረውን፣ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራውን ቴፕ ደግሞ ሙቀት ጨርሶ ያበላሸዋል። የአንተ የትኛው እንደሆነ በዓይን ገምተህ አትወስን። የቴፕ ማሽን የሚያውቅ የድምፅ መሐንዲስ ፈልግ። ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሄደህም ጠይቅ። «እኔ ጋ አምጣው፣ ዛሬ ጨርሼ እሰጥሃለሁ» የሚልህን አትመን።

እስከዚያ ድረስ ቴፖቹን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አቁመህ አስቀምጥ። ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ፎቶ አንሳ። አባትህ ካሉ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ በልና የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቃቸው።