ነጩ ዱቄት ሌላ፣ አረንጓዴው ዱቄት ሌላ

አንዲት እህታችን ጓሮዋ ውስጥ ኦይስተር እንጉዳይ በፌስታል ታበቅላለች፤ የደረሱት እንጉዳዮች ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሶባቸዋል፣ አንዳንዱ ፌስታል ደግሞ አረንጓዴ እየሆነ ነው። በሽታው አንድ ነው ወይ፣ ነጩን ዱቄትስ ሰብስቤ ለሚቀጥለው ዙር ዘር ባደርገው ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃለች።

እህቴ መጀመሪያ አረንጓዴውን እንጨርስ፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው፣ ሲጀምር ነጭ ስለሆነ የእንጉዳዩ ድር (ጭዱ ውስጥ የሚሰራጨው ነጭ ክር) መስሎ ያታልላል፣ አረንጓዴ የሆነው ስፖር (እንደ ዘር የሚበተን ደቃቅ ዱቄት) ሲያወጣ ነው። ይሄ ስፖር ያለ ወንድና ሴት የሚመረት ስለሆነ ሁሉም የዛው ሻጋታ ቅጂ ነው፣ በጣም ብዙ ነው፣ ትንሽ ንፋስም ይበቃዋል። ስለዚህ ፌስታሉን እዛው ክፍል ውስጥ እንዳትከፍቺው፣ ቀስ ብለሽ ሌላ ፌስታል ውስጥ ከተሽ እሰሪና አውጥተሽ ራቅ አድርገሽ ቅበሪው፣ ልብስሽን ሳትቀይሪና እጅሽን ሳትታጠቢ ወደ ጤነኞቹ አትመለሺ። ብዙ ጊዜ መነሻው እንጉዳዩ የሚበቅልበት ጭድ በደንብ አለመሞቁ ነው፤ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆይ፣ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር። ከዛ ጨምቀሽ ስታዪው ጠብ ጠብ የሚለው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ይሁን፣ ውሃው ከፈሰሰ ገና ነው አንጠፍጥፊው።

ነጩ በሽታ አይደለም። እንጉዳዩ ራሱ ከቆቡ ስር ካሉት ስስ ንጣፎች የሚያራግፈው ስፖር ነው፣ ግን ይሄኛው በፆታ የመጣ ነው፣ እያንዳንዱ የተለያየ ባህርይ ይዟል። አንዱ ስፖር ብቻውን ቢበቅል ድር ያወጣል እንጂ በደንቡ እንጉዳይ አይሰጥም፣ የሚስማማውን ሌላ ድር ማግኘት አለበት፣ ከአንድ እንጉዳይ በወጡ ስፖሮች መሀል ደግሞ የሚስማሙት ከ4 ጥንድ 1 ገደማ ብቻ ናቸው። ቢሳካልሽም አንዱ ፈጣን አንዱ ደካማ ይሆንብሻል፣ የምትወጂው ምርት ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፣ ለሽያጭ ከሆነ በፍፁም አልመክርሽም።

ያንኑ ዝርያ ከፈለግሽ ከስጋው ውሰጂ። ጤነኛና ገና ለጋ እንጉዳይ በእጅሽ ቁመቱን ሰንጥቂው፣ ቆቡና ግንዱ ከሚገናኙበት፣ አየር ካልነካው ውስጠኛው ክፍል ላይ በእሳት በጋለ ምላጭ (ትንሽ ይቀዝቀዝ) የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ አንስተሽ ተቀቅሎ ከጀርም የጸዳና የረጋ አጋር (ድሩ የሚያድግበት ጄሊ) ላይ አስቀምጪ። ድሩ ነጭ ሆኖ ሲሰፋ ዘር ወደሚሆንሽ ማሽላ ታዛውሪዋለሽ፣ ማሽላው ግን በፕሬዠር ኩከር 121 ዲግሪ የገባ መሆን አለበት፣ ድስት ላይ መቀቀል ብቻ አይበቃም። ኩከር ከሌለሽ ለጊዜው ዘር ገዝተሽ ቀጥዪ፣ ከኪሳራው ይሻላል።

ሌላው ደግሞ ነጩ ዱቄት በዝቶ ከታየሽ አስረፍደሽ እየለቀምሽ ነው ማለት ነው። የቆቡ ጠርዝ ወደ ታች ጎንበስ እንዳለ ቁረጪው፣ ወደ ላይ እስኪገለበጥ አትጠብቂ። ስፖሩ ሳንባ ስለሚያስቆጣ ክፍሉ አየር ይኑረው፣ ማስክ አድርገሽ ግቢ፣ ሳል ወይ የትንፋሽ ማጠር ካለሽ ደግሞ ሐኪም ጋ ስትሄጂ እንጉዳይ እንደምታበቅዪ መንገርሽን አትርሺ።