ዱቄቱ ይቅደም ወይስ ስብከቱ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ለየቅል ነው። አንዱ ስለ ምሳ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ምርጫ፣ ሌላዋ ስለ አሠሪዋ ቤት። ውስጥ ውስጡን ግን ሁሉንም የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ወንጌል ልስበክ ወይስ የሰፈሬንና የአገሬን ጉዳይ ልያዝ? ስድስቱን መርጫለሁ።

«የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች መሪ ነኝ። ለጎዳና ልጆች ምሳ ማብላት እንጀምር ስንል ሽማግሌዎቹ ‹ገንዘቡ የወንጌል ሥርጭት ነው፤ ሐዋርያትም ማዕድ ማገልገል አይገባንም ብለዋል› አሉን። ምን እንበል?» (ከሐዋሳ)

የጠቀሱላችሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ነው። ጥቅሱ አለ፤ ግን መሃል ላይ ነው ያቆሙት። ሐዋርያቱ «እኛ ቃሉን ትተን ማዕድ አናገለግልም» አሉ እንጂ «ማዕዱ ይቅር» አላሉም። ወዲያው ሰባት ሰው አስመረጡ። መስፈርቱን እዩት፦ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው። እንጀራ ለማደል! ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ቃሉ እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱም ቁጥር እየበዛ ሄደ ይላል። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ላይ የወጣው እሱ ነው። ለእኛ ሰው ወንጌል ያደረሰው እንግዲህ ከማዕድ አገልግሎት የመጣ ሰው ነው። (የያኔዋ «ኢትዮጵያ» በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው መርዌ ናት ይላሉ የታሪክ ሰዎች። ለጊዜው ደስታችንን አይንኩብን።)

ሽማግሌዎቹን ግን አትናቋቸው። ክርክሩ በአገራችን ከእነሱ ወገን ሆኖም ተነሥቶ ያውቃል። በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጄኔቫ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ቅሬታዋን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለልማት ስንጠይቃችሁ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ስንጠይቃችሁ ግን እጃችሁ ያጥራል። ሰውን ለሁለት አትክፈሉት። እዚያ ስብከቱ ነበር የተረሳው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ምሳው። ያው በሽታ ነው።

በዕድሜ ገፋ ያላችሁ የአዲስ አበባውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ታስታውሱታላችሁ። ከ1955 ጀምሮ እስከ መጋቢት 1969፣ ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ማለት ነው፣ ከሥርጭቱ ስብከት የሚባለው ሲሦ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ዜናና ትምህርት ነበር፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምሳችሁ። የወንጌል ሥርጭቱን ሣጥን አትንኩ፤ የራሳችሁን መዋጮ አውጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። በየቀኑ ጀምራችሁ በሁለተኛው ወር ከምታቆሙ አለመጀመሩ ይሻላል። እነዚያ ልጆች ጀምሮ የሚተዋቸው ሰው ሞልቷቸዋል።

«ዱቄትና ዘይት ከማደላችን በፊት ስብከት እናሰማለን። ያልሰማ አይወስድም። አንዳንድ አባላት ቅር ብሏቸዋል።» (ከአዳማ)

ቅር ቢላቸው እውነታቸውን ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት በፋሲካ ሰሞን ሰዉን ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ሰዓት ተኩል ሰበክሁ። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ባዶ ማዳበሪያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። እጃቸውን አነሡ፣ አወረዱ፣ ደግመው አነሡ። ጌታን ሊቀበሉ መስሎኝ ሰዉን እልል አስባልኩ። ጠጋ ስል ጆሮዬ ሥር «ልጄ፣ ሕፃን ቆልፌ ነው የመጣሁት፤ ዱቄቷን ስጠኝና ልሂድ» አሉኝ።

ያን ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እናድላለን፣ ቃሉን መስማት የፈለገ ይቆያል። የሚቆየው ሰው አንሷል፣ አልዋሽም። የቆየው ግን ለመስማት ነው የቆየው።

«ምርጫ ሲቃረብ መጋቢያችን አንድ ዕጩ መድረክ ላይ አቁሞ ‹የእኛ ሰው ነው› አለ። ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይሄ ግን ከነከነኝ።» (ከአዲስ አበባ)

መከንከኑ ደግ ነው። ክርስቲያን ፓርቲ ቢገባ፣ ቢወዳደር፣ ቢሾም ነውር የለውም። ያ ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነበር። ፊልጶስ አጠመቀው እንጂ ሥራህን ልቀቅ አላለውም። መድረኩ ግን የዕጩ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ሕጉን እንኳ እንተወው። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ለሌላ ፓርቲ ድምፁን ሊሰጥ ያሰበ ሰው አይጠፋም። የመጣው ቃል ፍለጋ ነበር፤ «የእኛ ሰው አይደለህም» ተብሎ ወጣ። ደግሞስ ያ ዕጩ ነገ ተሹሞ ጉቦ ቢበላ መጋቢው በየትኛው አፉ ይገሥጸዋል? («እመን፣ ትበለጽጋለህ» የሚለው የብልጽግና ወንጌልና የብልጽግና ፓርቲ በስም መምታታታቸው አንሶን ነው?)

መጋቢህን ለብቻው አግኝተህ ንገረው። ፌስቡክ ላይ አይደለም።

«እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ሁሉም ለየብሔሩ ነው የሚያቀርበው። የአንዱ ወገን መከራ ሲነገር አሜኑ ይደምቃል፣ የሌላው ሲነገር ሳሉ ይበዛል። ፖለቲካ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ ብንልስ?»

ሳሉን ከዚህም እሰማዋለሁ። «ፖለቲካ ይውጣ» ማለት ግን ብዙ ጊዜ «የአንተ ኀዘን ይውጣ» ማለት ነው የሚሆነው። እስቲ ወደዚያው ወደ ምዕራፍ 6 እንመለስ። ጠቡ የእንጀራ ብቻ አልነበረም። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «መበለቶቻችን ተረሱ» ብለው በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ቋንቋ ነው፣ ወገን ነው። ሐዋርያቱ «ዘረኝነት አታምጡብን» ብለው አላፈኗቸውም። የሰባቱን ተመራጮች ስም አንብቡት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ… ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ተበደልን ላሉት ሰጧቸው ማለት ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ አጣሪ ኮሚቴ እናቋቁም ነበር።

በሚቀጥለው የጸሎት ቀን አንድ ነገር ሞክሩ። እያንዳንዱ ሰው የእሱ ወገን ላልሆነ ቦታ ይጸልይ፤ የወረዳውን ስም ጠርቶ። መጀመሪያ ዝም ዝም ይሆናል። ዝምታውን ታገሡት።

«ሮሜ 13 ለሹማምንት ተገዙ ይላል። ታዲያ ስለ ግፍ መናገር ዐመፅ አይሆንም?» (ከነቀምቴ)

ሮሜ 13ን የጻፈው ጳውሎስ ነው። ፊልጵስዩስ ከተማ ላይ ከሲላስ ጋር ያለ ፍርድ በበትር ተገርፎ ታሰረ። በማግስቱ ሹማምንቱ «ልቀቋቸው» ብለው ላኩ። ጳውሎስ በጄ አላለም። ሮማውያን ነን፤ በአደባባይ ገርፈውን አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መብቱን ጠየቀ፣ ድንጋይ ግን አልወረወረም። ወኅኒ ጠባቂውም በታሰሩበት ሌሊት ከነቤተሰቡ ተጠምቋል። ስብከቱ በሌሊት፣ የመብት ጥያቄው በማግስቱ፣ ባንድ እስር ቤት።

ከነቀምቴ ስለጻፍክ ደግሞ የአገርህን ሰው ላንሣ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወለጋ ተወልደው፣ ነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተው፣ ኋላ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ያ የ1964ቱ ደብዳቤ በእሳቸው ዘመን የተጻፈ ነው። ደርግ ምእመናንን ሲያስርና ጸሎት ቤት ሲዘጋ ዝም አላሉም። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ጠመንጃ ያነሡ ሰው አልነበሩም። ዐመፀኛ ልትላቸው ትችላለህ? እኔ አልችልም።

«ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ መስበክ አልችልም፣ ያስከስሳል። አርብ ዕረፍት ሲሰጡኝ አዲስ ለመጡ እኅቶች ስልክ እደውላለሁ፣ ለታመመች ገንዘብ እናዋጣለን። ይሄ አገልግሎት ይባላል?»

ይባላል እንጂ፣ እኅቴ። ሁለተኛ ነገሥት 5 ላይ ያለችውን ብላቴና ታስታውሻለሽ? ተማርካ የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ሚስት አገልጋይ ሆነች። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ስብከት አልሰበከችም። የጌታዋን ለምጽ አየች፣ አዘነችለት፣ በሰማርያ ያለው ነቢይ ይፈውሰው ነበር ብላ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረች። እመቤቷም ሰማቻት፤ ያን ያህል ታምናት ነበር ማለት ነው።

ሕጉን አትጣሺ። ጠይቀውሽ ስለ እምነትሽ ብትመልሺ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ቤት ትራክት መበተን ግን ሌላ ነው፤ አንቺንም ሌሎቹንም ያስይዛል። ለአዲሶቹ ስትደውዪ ከጸሎቱ በፊት ሁለት ነገር አስታውሻቸው። የፓስፖርታቸውንና የኮንትራታቸውን ፎቶ አንሥተው አገር ቤት ላለ ዘመድ ይላኩ። የቆንስላውን ስልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ሞባይል ይቀማል።