የ300 ዶላሩን ካያክ ልግዛው?

«ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቆሜ ካትፊሽ (አምባዛ) ሳጠምድ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ውሃው ላይ መውጣት አማረኝ። በጀቴ 600 ዶላር ነው። ክብደቴ 98 ኪሎ፣ መኪናዬ ኮሮላ። ባለ 10 ጫማ አዲስ የማጥመጃ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) በ300 ዶላር አይቻለሁ። ልግዛው?»

አትግዛው። ካያኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለ60 ኪሎ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ላንተ ግን ያንስሃል።

ካያክ ስትገዛ ከዋጋው በፊት የመሸከም አቅሙን አንብብ። መቀመጫው አካባቢ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። በዚያ ዋጋ የሚሸጡት ባለ 10 ጫማዎች ብዙዎቹ 275 ፓውንድ አካባቢ ናቸው። አንተ 216 ፓውንድ ነህ። «ታዲያ 59 ይተርፈኛል» ትል ይሆናል። አይተርፍህም። ያ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ተመችቶህ የምታጠምድበት ልክ አይደለም። እኔ በምሠራበት የጀልባ ጥገና ቤት የምንይዘው ሒሳብ 70 በመቶ ነው። የ275 ሰባ በመቶ 192 ነው። ገና አንድ ዘንግ ሳትጭን አልፈኸዋል።

አሁን ዕቃህን ጨምርበት። ሁለት ዘንግ፣ የመንጠቆ ሣጥን፣ መልህቅ፣ በረዶ የያዘ ኩለር፣ ምሳህ። ስስታም ካልሆንክ 30 ፓውንድ ይሞላል። ድምሩ 246 መጣ። ለ0.7 አካፍለው፣ 351። ስለዚህ ከ350 በታች የተጻፈበትን አትይ።

አቅሙ ያነሰ ላይ ብትቀመጥ ወዲያው አትሰምጥም። ወለሉ ላይ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን ከታች ወደ ላይ ውሃ ያስገባሉ። ቀኑን ሙሉ ቂጥህ እንደረጠበ ትውላለህ። የኋላው ጫፍ ይዘቀዝቃል፣ ስትቀዝፍ ይጎተታል። የባሰው ደግሞ ኩለር ለመክፈት ወደ ኋላ ዞር ስትል ነው። አንዴ ዘመም ካለ አይመለስም።

ዓይነቱን በተመለከተ ብዙ አታስብ፦ ላዩ ላይ የምትቀመጥበትን ውሰድ። ውስጡ የምትገባበት ሲገለበጥ ውሃ ይሞላል፣ ወንዝ መሐል ቀድቶ መጨረስ ጣጣ ነው። የጣናን የደንገል ታንኳ አስበው። ሰውየው ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው በመሐል ይገባል ይወጣል፣ ታንኳው ግን ይንሳፈፋል። ይሄኛውም ነገሩ ያው ነው፤ ደንገሉ በፕላስቲክ ተተካ እንጂ። ስፋቱ 32 ኢንች፣ ርዝመቱ 12 ጫማ አካባቢ ከሆነ ላንተ ልክ ነው።

«በ600 ዶላር እንዲህ ያለ ከየት ይመጣል?» አዲሱ አይመጣም። ያገለገለ ፈልግ። ለምሳሌ ፐርሴፕሽን ፔስካዶር ፕሮ 12 አቅሙ 375 ፓውንድ ነው፤ አዲሱ ከበጀትህ በላይ ነው፣ ያገለገለውን ግን በ400ዎቹ ሲሸጥ አይቻለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰው ጋራዡን ለክረምት ሲያጸዳ ዋጋ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ ግን ሁሉም ዓሣ አጥማጅ ነው።

ያገለገለ ስትገዛ ላዩን አትመልከት። ጭረት ምንም አይደለም፤ የድንጋይ ጭረት የሌለው ካያክ ውሃ ያላየ ካያክ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ በቀለሙ ተታልዬ ነበር። እንደ ብርቱካን ያበራል። ቤት ወስጄ መቀመጫውን ሳነሣ፣ አንዱ ማፍሰሻ ቀዳዳ ዙሪያውን ፀጉር በሚያህል መስመር ተሰንጥቋል። ሰውየው ከሥር ቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚሰካ ባለሁለት ጎማ ጋሪ፣ ዕቃው እንደተጫነ፣ በአስፋልት ይጎትተው ነበር። ብዙ ካያክ የሚገደለው እዚያ ነው።

ስለዚህ መቀመጫውን አስነሣ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ጣትህን አዙር፣ በስልክህ መብራት እይ። ከዚያ ካያኩን በጎኑ አቁመህ ነቅንቀው፤ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከሰማህ «ከየት ገባ?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የሚሻለው ይሄ ነው፦ የውስጡን ውሃ ማውጫ ቡሽ ከፍተህ አንድ ባልዲ ውሃ ውስጡ ጨምር፣ መልሰህ ዝጋ፣ በሁለት ሣጥን ላይ ከፍ አድርገህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ስንጥቅ ካለ ከታች ይንጠባጠባል። ሻጩ «ስንጥቅ ነበር፣ ግን በሙጫ ደፍኜዋለሁ» ካለህ አመስግነህ ሂድ። እነዚህ ካያኮች የሚሠሩት ከፖሊኤቲሊን ነው፤ ፖሊኤቲሊን ሙጫ አይዝም። እኛ የምንጠግነው የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በመሰርሰሪያ በስተን፣ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት በመበየድ ነው። ሥሩ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ግን አትደንግጥ። ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ሲውል ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ዋና ትችላለህ? አትፈር፤ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ብትችልም ባትችልም ላይፍ ጃኬት ግዛ። ሕጉ ካያክ ላይም ለያንዳንዱ ሰው በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የጸደቀ ጃኬት ይዛችሁ ውጡ ይላል። መያዝ ግን አይጠቅምህም፣ ልበሰው። ጀርባው ከፍ ያለውን ምረጥ፣ ወንበሩ አይገፋውም። 70 ዶላር መድብለት። ለመቅዘፊያ ሌላ 60 ያዝ፤ ለዚያ ስፋት 240 ሴንቲሜትር ይበቃሃል።

ፖቶማክ አሌክሳንድሪያ ጋ ሲደርስ ከባሕሩ ጋር በየቀኑ ከፍ ዝቅ እያለ ይሞላል፣ ይጎድላል። ውሃው ወደ አንድ፣ ነፋሱ ወደ ሌላ ሲሆን ያስቸግራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በርክ ሌክ ላይ አሳልፍ። የቤንዚን ሞተር የተከለከለበት የረጋ ውሃ ነው። ዋና በሚፈቀድበት ውሃ ዳር ደግሞ፣ በሞቃት ቀን፣ ሆን ብለህ ገልብጠውና መልሰህ ውጣበት። ካትፊሽ ስትይዝ ደግሞ መልህቅ መጣልህ አይቀርም። መልህቁን ከጎንህ በፍጹም አትሰር። ውሃው ሲገፋ ገመዱ ጎኑን ወደ ታች ይስበዋል፣ ትገለበጣለህ። ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ብቻ እሰር፣ ቶሎ የሚፈታ አድርገህ።

ኮሮላህ አታሳስብህ። የጣሪያ ብረት ባይኖርህም የስፖንጅ ትራሶችና ቀበቶ በ40 ዶላር ታገኛለህ። 65 ፓውንድ ግድም ብቻህን ስታነሣ፣ ፎጣ የኋላው ኮፈን ላይ አንጥፍ፣ አንዱን ጫፍ እዚያው አስደግፍ፣ ከዚያ ግፋው። በክራንክ የሚጠብቀውን ቀበቶ ተው፤ ነሐሴ ላይ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ጨምቆ ያጣምመዋል። በእጅ የሚሳበው ይበቃል። ቀበቶውን ሙሉ ለሙሉ ዝርግ አታድርገው፣ ግማሽ ዙር ጠምዝዘው። አለዚያ ሃይዌይ ላይ ነፋሱ ያስጮህብሃል። የፊትና የኋላ ጫፎቹንም ከመኪናው እሰር።

ያገኘኸውን ፎቶ ላክልኝ። የመቀመጫውን ሥር ነው የምፈልገው፤ ቀለሙን አይደለም።