ዛፉን ከእግሩ ጀምራችሁ እዩት

ውድ ወጣቶች፣

ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ካለ፣ በገንዘብ የማይተካ ንብረት በእጃችሁ ነው። ቤት በዓመት በሁለት ዓመት ይሠራል፤ ግቢ የሚያጠላ ዛፍ ግን 40 እና 50 ዓመት ይፈልጋል። ሳይጠፋ እንድትደርሱለት ይህን ጻፍሁላችሁ።

ዛፍ መድረቅ ሲጀምር ሁሉም ቀና ብሎ ቅጠሉን ያያል፣ ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። በዛፍ እንክብካቤ ሥራችን የምናውቀው ግን ሌላ ነው። ተባይ፣ በሽታና ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሱት ሰው የጀመረውን ጉዳት ነው። ያ ጉዳት ደግሞ ከዓመታት በፊት በተቆፈረ ቦይ፣ በተደለደለ አፈር ወይም በቆመ መኪና ምክንያት ከሥሩ ተጀምሮ ይሆናል። ስለዚህ ቀና ከማለታችሁ በፊት ጎንበስ በሉ።

ግንዱ መሬት የሚነካበትን ቦታ እዩ። ጤነኛ ዛፍ ግርጌው ላይ ሰፋ ይላል፤ ዋና ዋናዎቹ ሥሮች ወደ ጎን ሲዘረጉ ይታያሉ። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከጠፋ፣ ወይ ሲተከል በጥልቀት ተቀብሯል ወይ በኋላ አፈር ተደልድሎበታል። የግንድ ቅርፊት አየር ላይ ለመኖር የተሠራ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ነገር ከነካው ይለሰልስና ፈንገስ ያስገባል። በተቆለለው አፈር ውስጥም አዳዲስ ሥሮች ይበቅሉና ግንዱን ዞረው፣ ግንዱም እነሱም እየወፈሩ ሲሄዱ እንደ ገመድ ያንቁታል። አፈሩን በትንሽ መኮትኮቻና በእጃችሁ፣ ቅርፊቱን ሳትልጡ፣ ሥሮቹ መዘርጋት እስከሚጀምሩበት ድረስ ግለጡት። ግንዱን የጠመጠመ ሥር ብታገኙና ከአውራ ጣት ባይወፍር በመቀስ ቁረጡት። ከዚያ የወፈረው ዛፉን ደግፎ የያዘ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አትንኩት።

ሥር እንደ ችንካር ወደ ታች ይወርዳል የሚለው ሐሳብ ብዙ ዛፍ አጥፍቷል። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን፣ ውኃና ምግብ የሚስበው ቀጭኑ ሥር ደግሞ በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ጎን ግን የቅርንጫፎቹን ጠርዝ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። መኪና ሲመላለስበት ወይም ጠጠር ሲከመርበት አፈሩ ይጠቀጠቅና ሥሩ አየር ያጣል። ይህ ጉዳት ድምፅ የለውም፤ ምልክቱ ከላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ የአናቱ ጫፎች ቀድመው ይደርቃሉ፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይሳሳል።

መቆፈር ግድ ከሆነ መጀመሪያ ለኩ። የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.4 ሜትር ላይ በሜትር ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉት፤ የምታገኙት ውፍረቱን ነው። ያንን በ12 አባዙት። 50 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ዛፍ ከሆነ 6 ሜትር ይመጣል፤ ከግንዱ በሁሉም አቅጣጫ እስከዚያ ርቀት ድረስ ቁፋሮም፣ ድልደላም፣ የዕቃ ክምርም አይግባ። ቧንቧ በዚያ ማለፉ ካልቀረ በእጅ ይቆፈር፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ሥር ሳይቆረጥ ቧንቧው ከበታቹ ይለፍ። ዛፍን በማዕበል ጊዜ ገትሮ የሚይዘው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ሥር ነው። ያ ሥር ከተቆረጠ ዛፉ ለምለም ሆኖ ሳለ ከነሥሩ ይገነደሳል፤ ሰውም «ጤነኛ ነበር እኮ» ይላል።

በግርጌው ዙሪያ ሣር ከማብቀል ጉዝጓዝ ማልበስ ይሻላል። የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱት፤ ከግንዱ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ግንዱ ላይ እንደ ኮረብታ መከመር አፈር ከመደልደል አይለይም። የጉዝጓዝ ሌላው ጥቅም የሣር ማጨጃ ማሽንን ከግንዱ ማራቁ ነው፤ ማሽኑ በየጊዜው ቅርፊቱን እየላጠ የሚያደርሰውን ቁስል አቅልላችሁ አትዩት። ውኃን በሚመለከት፣ በየቀኑ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል እንጂ አይጠቅመውም። በድርቅ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ በቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እስኪርስ ቀስ ብሎ ይጠጣ። መድረሱን ለማወቅ ቀጭን ብረት ስከኩበት፤ ርጥብ አፈር ያስገባዋል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

አሁን ወደ ተባይ እንምጣ። ቅጠሉ ቢያጣብቅ፣ ከሥሩ የቆመ መኪና ጣፋጭ ነጠብጣብ ቢለብስ፣ በኋላም ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ቢወጣ፣ ምንጩ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ቅጠል መጣጭ ነፍሳት ወይም ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚመጥ ሌላ ነፍሳት ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁም ተከተሉት፤ ጣፋጩን ፍለጋ ወደ እነሱ ነው የሚሄደው፣ ከሚበሏቸው ነፍሳትም ይጠብቃቸዋል። ትልቅ ዛፍ ይህን በአብዛኛው ይችለዋል። ሁሉን የሚገድል መርጨት ክሽክሹን የምትበላውን ነጠብጣባም ጥንዚዛ አብሮ ይገድላል፤ ክሽክሹ ግን ፈጥኖ ስለሚራባ ከበፊቱ በዝቶ ይመለሳል። በአበባ ላይ ያለ ዛፍ መርጨት ደግሞ ጨርሶ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኦሪገን፣ ዊልሰንቪል በምትባል ከተማ፣ ክሽክሽ ለመግደል ተብሎ በሚያብቡ የሊንደን ዛፎች ላይ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባል የነፍሳት መግደያ ተረጭቶ 50,000 ያህል ባምብል የሚባሉ ትልልቅ ንቦች አስፋልት ላይ ረግፈዋል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም የክሽክሽ ወዳጅ ነው፤ የሚያወጣው ለስላሳ ቅጠል ለእነሱ ድግስ ነው።

ግንድ የሚቦረቡር ነፍሳት ከዚህ ይከብዳል። ምልክቱ ቅርፊቱ ላይ የሚታይ ቀዳዳ፣ ግርጌው ላይ የተበተነ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ዱቄት፣ ወይም ወፎች ነፍሳት ፍለጋ የላጡት ቅርፊት ነው። አብዛኞቹ ቦርቧሪዎች የሚመርጡት የተጠማና የደከመ ዛፍ ስለሆነ መከላከያቸው ከላይ ያልነው ውኃና ጉዝጓዝ ነው። ጤነኛውንም የማይምሩ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘው ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎችን ፈጅቷል። ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ክብ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ከቦታ ቦታ ካዛመቱት ነገሮች አንዱ የማገዶ እንጨት ነበር። ስለዚህ ከታመመ ዛፍ የተቆረጠ እንጨት ወደ ሌላ አካባቢ አይጫን።

ብዙ ጥፋት የሚሠራው ግን በመጋዝ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። የደን በሽታ ተመራማሪው አሌክስ ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ ወደ ታች እየሰነጠቀ መርምሮ ያሳየን ነገር አለ። ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉን ሽሮ ሥጋውን አይተካም፤ የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ለብቻው ይተወዋል፣ በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ያንን አጥር የሚሠራበት ቦታ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ የምታዩት እብጠት ነው፤ አንገትጌ እንበለው። ግንዱ ድረስ አስጠግታችሁ ስትቆርጡ አንገትጌውን ታነሡበታላችሁ፣ መበስበሱ ግንድ ውስጥ ይገባል። ጉቶ ስትተዉለት ደግሞ አልፎ መሸፈን ያቅተዋል።

ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ እስከ ሩብ ወይም ሲሶ ውፍረቱ ቁረጡ። ቀጥሎ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱ እየተገሸለጠ ወደ ግንዱ እንዳይሄድ የታችኛው ቁርጥ ያስቆመዋል። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከአንገትጌው ልክ ውጭ አንሡት። ቀለም ወይም ሬንጅ አትቀቡት፤ እርጥበት ይይዛል እንጂ መበስበስን አይከለክልም። አዲስ ቁስል ላይ የሚያርፉ ጥንዚዛዎች በሽታ የሚያዛምቱበት የዛፍ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው ወዲያው የሚቀባው። ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ስትሄዱ መጋዙን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት።

ያረጀ ዛፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጠል ማጣት አይችልም፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃዋል። «ነፋስ እንዳይጥለው» ተብሎ አናቱ የሚቆረጥ ዛፍ በእጅጉ ያሳዝነኛል። ከጉቶው ዙሪያ የሚወጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች የተያያዙት በላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። በፍጥነት ይረዝማሉ፣ ከሥራቸው ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይሆናሉ። የውስጡን ቅርንጫፍ ሁሉ መልምሎ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል መተውም ክብደቱን ወደ ዳር ስለሚያወጣው ያሰብረዋል። የሚሻለው የደረቀውን ማውጣትና ከመጠን በላይ የረዘመውን ወደ አንድ ጎን ቅርንጫፍ መልሶ ማሳጠር ነው።

የነፋስ ወቅት ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩት። ግርጌው ወይም ግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ፈንገስ ውስጡ መበስበሱን ይናገራል። በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ድፍኑ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው ከበሮ ይመስላል። ሁለት እኩል ግንዶች ጠባብ ሆነው የተጣበቁበትና ቅርፊት በመካከላቸው የተዋጠበት ቦታ በማዕበል ቀድሞ የሚሰነጠቅ ነው። መዝመም ብቻውን አያስፈራም፤ ዘሞ አድጎ ጫፉን ወደ ላይ ያቀና ዛፍ ለዘመናት ይቆማል። በቅርቡ የዘመመና በአንድ በኩል አፈሩ የተነሣ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ከሥሩ ማንም አይቁም፤ ያንኑ ቀን ባለሙያ ጥሩ።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈልጉ። የተበጠሰ ወይም ቅርንጫፍ የተኛበት ሽቦ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁና ለመብራት ኃይል ተቋሙ ደውሉ። ከላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ ወይም በሌላ እንጨት ተጭኖ እንደ ደጋን የታጠፈ ግንድ ለልምድ የለሽ እጅ አይደለም፤ ሲቆረጥ የሚፈናጠርበትን አቅጣጫ ማወቅ ይጠይቃል። መሰላል ላይ ቆሞ በሞተር መጋዝ መቁረጥም አይሞከር። ዛፉን ለመጣል ግን አትቸኩሉ። ከቅርንጫፉ ሩብ ያህሉን ያጣ ብዙ ጊዜ ያገግማል። የተገሸለጠ ቅርፊት ካለና በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ሳይደርቅ ከደረሳችሁበት፣ ወደ ቦታው መልሳችሁ በቀጫጭን ምስማር ያዙት፣ በእርጥብ ጨርቅም ለሁለት ሳምንት ያህል ሸፍኑት፤ አንዳንዱ ተመልሶ ይይዛል። የደረቀውን ግን እስከተያያዘበት ድረስ ብቻ በስለት አስተካክሉ፣ ሕያውን ቅርፊት አትንኩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከቁስሉ ጠርዝ አዲስ እንጨት ከንፈር ሠርቶ እየገባ መሆኑን እዩ።